የትወና መምህሩ የጋሽ ዜሮ የሕይወት ታሪክ፣ በታናሽ ወንድማቸው እንደተጻፈ

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ዜሮ» የሚሏቸው የትወና መምህር፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከባቡር ትኬት ቆራጭ አባታቸው ኅዳር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ከጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እናታቸው ከሰል ጫኝ አገቡና ታናሽ ወንድማቸውን ወለዱ። ትልቁ ቀይ፣ ትንሹ ድብን ያለ ጥቁር ስለነበር ጎረቤት «አንዱን ፀሐይ ላይ ረስተሽው ነው?» እያለ በእናታቸው ይቀልድ ነበር።

ጋሽ ዜሮ በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የቴአትር ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን ሁሉ በባዶ እግሩ ያቆሙና «የሰፈራችሁን አነጋገር፣ አረማመዳችሁን፣ መልካችሁን ውጭ ትታችሁ ዜሮ ሁኑ፤ ተዋናይ የሚሠራው ከዜሮ ነው» ይሉ ነበር። ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። ታናሽ ወንድማቸው በሒሳብ ዜሮ ሲያመጣ ግን ቀበቶ ነው የተመዘዘበት። ተማሪው ሁሉ እንዲሆን የሚጠየቀው ያ «ዜሮ» ሰው ታዲያ ሲታይ መልኩ ቀይ፣ አነጋገሩ የመሃል ከተማ፣ አረማመዱም የራሳቸው የመምህሩ ነበር። ጥቁር ተማሪ ቢል ቢል ዜሮ አይሆንም፤ ዘበኛና ሎሌ ሆኖ እየተወነ ይመረቃል።

በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ለመግቢያ ፈተና ቀረበ። ፈታኙ እሳቸው ነበሩ። ግማሹን እንኳ ሳያስጨርሱት «አንተ ስትገባ ሰው ታሪኩን ትቶ አንተን ነው የሚያየው» ብለው አሰናበቱት። ከዚያ መጋረጃ ሳቢ አድርገው አስቀጠሩት፤ ዘመድ ሁሉ ውለታ ነው አለ። ደመወዙ ልጆች አሳድጓል፤ ይህ አይካድም።

በ1974 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. አንዲት ጥቁር ተማሪ በክፍሉ ሁሉ ፊት «ጋሼ፣ ዜሮ ማለት እርስዎን መምሰል ነው እንዴ?» አለቻቸው። ለሳምንታት ከቤት አልወጡም። ሲመለሱ ሥልጠናውን ከሥሩ ለወጡት። ተማሪው በእናቱ ቤት አንደበት እየተናገረ፣ በገዛ አረማመዱ መግባት ጀመረ፤ ንጉሥነትን በመልክ ማደል ቀረ። ታላቁ ሥራቸው ይህ ነው።

ጡረታ በወጡበት ዕለት የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አዳራሽ ሰብስበው፣ የበደሏቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ይቅርታ ጠየቁ። አዳራሹ አለቀሰ። ታናሽ ወንድማቸው ከመጋረጃው ገመድ አጠገብ ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ተማሪ ሆኖ አያውቅምና አልተጠራም። መጋረጃውን ዘጋ።

በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ያጠባቸው፣ ጺማቸውን የላጫቸው እሱ ነው። ስለ እናታቸው የስፌት መኪና ሳይቀር ተጨዋወቱ፤ የፈተናው ነገር ግን አልተነሳም። አንድ ጠዋት እጁን ያዙና «አንተ፣ የዚያን ቀን…» ሲሉ ሳል ያዛቸው። ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። የትኛውን ቀን ለማለት እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ ብዙ ተማሪዎችና አንድ ወንድም ትተዋል።

ፈጣሪ ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ታናሽ ወንድማቸውም ይቅር ለማለት እየሞከረ ነው።