የቢያዝን ድብቅ ፊደል

ጥቅ. 4፣ ጠዋት። ፍ/ሰላም
በርበሬዬን ቋጥሬ ወደ ቡሬ ልነሳ ስል ቢያዝን ከች አለ። የሟች ባሌ ወንድም። ኔትወርክ የለም፤ ለእህቱ ወረቀት አድርሺልኝ ይላል። ማንበቤን ካወቀ ወዲህ ፊደሉን እየለዋወጠ ነው የሚጽፈው። «እንኪ እታለም፣ መንገድ ላይ እያነበብሽ ሂጂ» ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ይርገፍ። የሱ አህያ ሆኛለሁ፣ ደብተሬ። ጭነቷን የማታውቅ አህያ።
መኪና እስኪሞላ ወረቀቱን እዚህ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ይሄ ሦስተኛው ነው።

ጥቅ. 5
እህቱም ያው ናት። ትናንት ወረቀቱን ተቀብላ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። ቁጭ በይ እንኳ አላለችኝም።

ጥቅ. 7፣ ከሰዓት
ሦስቱም ወረቀቶች አጀማመራቸው አንድ ነው፦ «ተሽሠ ከት»። ሦስት ፊደል፣ ቀጥሎ ሁለት። ቢያዝን የቆሎ ተማሪ ነበር። በስመ አብ ሳይል ብዕር አያነሳም። ሞከርኩት። በ፣ ተ ሆናለች። ስ፣ ሽ። መ፣ ሠ። የፊደል ገበታዬን ከግድግዳ አወረድኩ። እያንዳንዱ ፊደል ከሥሩ ባለው ተተክቷል፤ ካዕብ ሳልሱ አልተነካም። አንድ መስመር ወደ ላይ መመለስ ብቻ! ለተንኮሉም ሥላሴን ይጠራል፣ የማያፍር።

ጥቅ. 8
ሁሉንም ፈታሁት። ምነው ባልፈታሁት። እሑድ ሽማግሌ ሰብስበው ከቤቴ ሊያስወጡኝ ነው። «በጠበሉ እንይዛታለን። ገደልኩት ብላ ራሷም ታምናለች» ይላል። ባሌ የታመመ ጊዜ ሆስፒታል ይሂድ ሲሉ ጠበል ይሻለዋል ያልኩ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ገደልኩት እያልኩ እንደማድር ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ ላይ አንብበውታል። እህል አልቀመስኩም። ሻንጣዬን አውጥቼ መልሼ አስገባሁ።

ጥቅ. 9፣ ጠዋት
ዛሬም ቡሬ ስለምሄድ ቢያዝን ሌላ ወረቀት ያመጣል። አልወስድም። የኔን እሰጠዋለሁ። በራሱ ፊደል ጽፌዋለሁ፦ «ቴቹኝ ከሕሐብሥ»። ቤቱን አልለቅም ማለት ነው። የጠበሉን ነገር እሑድ እኔው ቀድሜ ለሽማግሎቹ እናገራለሁ። ይፍረዱብኝ፤ ቢያዝን ግን እኔን መያዣ አይኖረውም። አሁን እፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ይፍታው። ሳቁን እስካይ…
በሩን እየመታ ነው።