የኮምፒውተራችንን አንደበት ለዘጋው አፕዴት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ፣
የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ፣ በራስዎም ፈቃድ የኮምፒውተር ክፍሉ የበላይ ጠባቂ፤
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አዲስ ነገር የማይጠግበው ጣትዎ ደኅና ነው? እኛ፣ ከኮምፒውተሮቹ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እድራችን ለልጆች ማጥኛ በሰጣቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሲያስጭኑ፣ ፕሮግራም የሚጫንበትና የሚታደስበት መንገድ ብዙ ስለሆነ በየአንዱ ላይ የተለያየውን ሞክረን እናወዳድር ማለትዎ የአዋቂ ሥራ ነበር። ዐይነ ስውር ልጄ ማርያማዊት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምታጠናው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብላት ፕሮግራም ነውና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የመረቅሁዎት እኔ ነበርሁ። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ግምጃ ቤት፣ አብሮ ተፈትሾ ነበር፤ የእድራችንን ድንኳንና ብረት ድስት ሁላችን እንደምንገለገልበት፣ ፕሮግራሞቹም የጋራ ዕቃቸውን ይጋሩ ነበር። አዲስ ነገር ዘግይቶ ቢደርሰውም ልጄን አንድም ቀን አላሳፈራትም። ያረጀ ነው ብለው ስላሰናበቱልን እናመሰግናለን፤ የሚሠራ ነገር ሲበዛ ይሰለቻል።

ሁለተኛ፤ በሌላው ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ከጎረቤቱ ጋር ስለማይጣላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህንንም ወድጄው ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ የየራሱን ድንኳን ይዞ ከመጣ ግን የትኛው ግቢ ይበቃዋል? እርስዎም ያገኙትን ሁሉ ስለጫኑበት ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ አጡ። ልግስናዎን አንረሳም።

ሦስተኛው የልብዎ ወዳጅ ሆነ፤ የወጣ አዲስ ነገር ሁሉ በወጣበት ዕለት ሰተት ብሎ የሚገባበት። በጉባኤ አስጸድቀው ሦስቱንም እንደዚያው አደረጓቸው፤ በማግስቱም የንባቡ ድምፅ ጠፋ። ልጄን ጆሮዋን ሰጥታ ስትጠብቅ ትቼ ወደ ክቡርነትዎ ደጅ መጣሁ።

ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ አለ፤ አንዳንዱ ሊኑክስማ የትናንቱን ሳይጥል አስቀምጦ፣ አዲሱ ሲያስቸግር መልሶ ያመጣዋል። ይህን በትሕትና ባመለክት፣ በቃለ ጉባኤ የጸደቀ አፕዴት የሚሻረው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ መሆኑን አስተማሩኝ። ጉባኤው ከፈተናው በኋላ ነው። እንግዲያው ፈተናውንም በቃለ ጉባኤ ቢያራዝሙልን ውለታዎ ከፍ ያለ ነው።

ዕድሜን፣ ጤናን፣ ከሁሉም በላይ እጅን ሰብስቦ የመቀመጥን ጸጋ እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ገና ያልታደሰው አክባሪዎ፣
የኔሰው

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ልጄ ጥናቷን ቀጥላለች። በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድስቶቹ ጀርባ፣ እጅዎ ያልደረሰበት አሮጌ ኮምፒውተር ተገኝቶ ጥርት አድርጎ እያነበበላት ነው። ቁልፉን የሰጡን የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ አልማዜ ናቸው፤ ፈተናው እስኪያልፍ እርስዎን ወደዚያ ዝር እንዳናሰኝዎ አደራ ብለውናል።