የፋሪሃ የዒድ ቀሚስ

ይድረስ ጅዳ ላለችው ልጄ ለኸሊዳ። አሰላሙ ዐለይኪ፤ አላህ በሰው አገር ዐፊያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዘንድሮ የሰመራ ሙቀት ብሶበታል። አንቺ በልጅነትሽ የለበስሽውን ቀሚስ ለልጅሽ ለዒድ አዘጋጀሁላት። ላንቺ በየዓመቱ ከደረቱ ሽብሽብ አንድ መስመር እየፈታሁ ነበር የማሰፋልሽ። ለፋሪሃ ግን ከአምናው ላይ ሁለት መስመር ሸብሽቤ ጨመርኩበት። አሁንም ከትከሻዋ ይንሸራተታል። «አያቴ፣ ቀሚሱ አደገ እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ፎቶዋን ያልላክሁልሽ ስልኬ አስቸግሮኝ ነው፤ አታስቢ። ብቻ ለአረፋ እመጣለሁ ያልሽውን ብታስቀድሚው ደስ ይለኛል። የሽብሽቡን ክር ቋጥሬ አልቆረጥኩትም፤ አንቺው መጥተሽ በእጅሽ ትፈቺላታለሽ።

አላህ ሳንጎድል ያገናኘን።

እናትሽ ኡሙሀኒ