ጤፏ ጠፋችብኝ

ረቡዕ
ዛሬም ጠብ ያለ ነገር የለም። አጎንብሼ ውዬ አንገቴ ደርቋል። የያዝኩት የጋሼ ነስሩን የጆሮ መስሚያ ነው፤ እህል በረንዳ ጤፍ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ። ቦርዱ ላይ አንዷ ካፓሲተር ባንድ ጫፏ ተነቅላለች። እኛ ጥገና ቤት እንዲህ ያለችዋን ደቃቃ ዕቃ «ጤፍ» ነው የምንላት። የመበየጃውን ካውያ ሳስጠጋ አንዱ ጫፏ ይይዝና ሌላው ብድግ ይላል። ትንፋሼ ራሱ ያንቀሳቅሳታል።

እሑድ የልጃቸው ኒካህ ነው። «ልጅህን ሰጥተሃል ወይ ሲሉኝ ሳልሰማ ዝም ብል፣ አባትየው አልፈለገም አይሉም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልነካሁም።

ሐሙስ
ጉድ ሆንኩ። ወረንጦው ሲጠብቅባት ጤፏ ተፈናጥራ ጠፋች። ጠረጴዛው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ጫማዬ ሥር፣ የለችም። መጠኗ ስላልተጻፈባት ምትክ እንኳ መፈለግ አልችልም።

ደወልኩላቸው። እንዲሰሙኝ ጮኬ «ጋሼ፣ ጤፏ ጠፋችብኝ!» አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። እሳቸው «አይዞሽ ልጄ፣ ይተካል» ብለው ዘጉት። አለመቆጣታቸው ባሰብኝ። ምሳም አልበላሁ።

ዓርብ
ጠዋት አንድ ተሸካሚ በሩ ላይ ጆንያ ሙሉ ማኛ ጤፍ አወረደ። «ጋሼ ነስሩ ናቸው የላኩት። ጤፍ የጠፋባት ልጅ የታለች?» አለ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። ዕቃቸውን መጣሌን ስነግራቸው የቤቴ እህል የተሰረቀ መስሏቸዋል። እግዜር ይስጣቸው እንጂ ምን እላለሁ።

ጆንያውን ከመተላለፊያው ልጎትት የሥራ ልብሴን እጅጌ ስሰበስብ፣ የደረቀ የብየዳ ቅባት ተለጥፎበታል። ቅባቱ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። በማይክሮስኮፕ አየኋት፤ እሷው ናት። ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ አፌን በሻርፕ ሸፈንኩ። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ብቻ በትንሽ የቀለጠ እርሳስ ያዝ አደረግሁት። እስኪበርድ ጠበቅሁና ሌላውን። ያዘች።

ቅዳሜ
ጋሼ መስሚያቸውን ወሰዱት። ለሙከራ ስናወራ ይሰማሉ። ነገ በሰው መሀል ብየዳው ቢለቅባቸውስ?

ሰኞ
ትናንት ይደውሉ ይሆናል ብዬ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ዛሬ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ልማድ ሆኖብኝ «ኒካሁ እንዴት ነበር?» ብዬ ጮኬ ጠየቅኋቸው።

«አትጩሂ ልጄ» አሉኝ ዝግ ብለው። «እንኳን የጠየቁኝን፣ ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ስታለቅስም ሰማኋት።»

እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ነገሩን አስረድቼ፣ ጤፉን መልሰው እንዲወስዱት ለመንኳቸው። ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉና፣ «አልሰማሁም» ብለው ሄዱ።