ያቋረጡ፦ ዜሮ

ሰኞ፣ መጋቢት 1። ጠዋት 3፡30

መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። አርብ ያልጨረስኩት ቻርት እንዳለ አለ፤ ርዕስ የለው፣ መልክ የለው። ርዕሰ መምህሩ (ር/መ) እስከ ረቡዕ ይፈልጉታል። ሐሙስ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ የየክፍሉ የተማሪ ሁኔታ በግራፍ ተሠርቶ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ተብሏል። የት/ቤቱ የሬከርድ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ስለዚህ የኤክሴሉም ሠራተኛ እኔ።

መጀመሪያ ፓይ ሞከርኩ። አልሆነም፤ ለየክፍሉ አንድ አንድ ክብ ይፈልጋል። ኮለም ይሻላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ዓምድ፦ የሚማሩ፣ የተዛወሩ፣ ያቋረጡ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። 9ኛ ላይ ቀዩ አጭር ነው። ወደ ቀኝ በሄድሽ ቁጥር ይረዝማል። 11ኛ ለ ላይ ሰማያዊውን ሊያክል ትንሽ ቀረው።

መምህራኑ የላኩትን ስም ከቻርቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። 11ኛ ለ፣ ተራ ቁጥር 14። እጄ ቆመ። ኤልያስ። ወንድሜ። መምህሩ ከሌሎቹ ስም አጠገብ ምልክት አድርጓል፤ የእሱን ባዶ ትቶታል። ለእኔ ትቶልኝ ነው።

ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ፣ ደብተሬ። ከሄደ አሥራ ሰባት ቀኑ። ዩኒፎርሙን አልጋው ላይ አጣጥፎ ሄደ። አንዴ ከሞያሌ ደወለ። ደህና ነኝ፣ ከልጆች ጋር ነኝ፣ ደቡብ አፍሪካ ስደርስ እደውላለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

ለሰው ሁሉ ሺንሺቾ ከተማ አክስታችን ጋ ተዛውሮ ይማራል ብያለሁ። ፎንቆ ላለችው እማዬ ደግሞ ለፈተና እያጠና ነው፣ ስልኩን ቀምቼዋለሁ ብያታለሁ። ሁለት ውሸት። እንዳይገናኙ ስጠብቅ እውላለሁ።

"የተዛወሩ" ስር 1 ጨመርኩ። አረንጓዴው ዓምድ ትንሽ ከፍ አለ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2። ከቀኑ 9 ሰዓት

ግማሽ ቀን በሌጀንዱ፣ በቀለሞቹ መግለጫ፣ አለቀ። ፊደሎቹ በር/መ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈቱ ሳጥን ሳጥን ሆኑ። ፎንት ቀየርኩ። ታተመ። ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ሰማያዊና ቀይ አንድ ዓይነት አመድ ሆነው ወጡ። የሚማረውና የሄደው አይለይም። ቀለሙን ትቼ የሚማሩትን ድፍን፣ የተዛወሩትን ነጠብጣብ፣ ያቋረጡትን ሰያፍ መስመር አደረግኩ። ቁጥሮቹን ዓምዶቹ አናት ላይ አወጣሁ። አማረ። ማማሩ ደስ አላለኝም።

ይዤ ገባሁ። ር/መ ብዙ አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደክሟቸዋል። ባለ ሰያፉ በዛ አሉ። ቁጥሩ ነው አልኩ። ጣታቸውን 11ኛ ለ ላይ አሳረፉ። ከዚያ፦

"ወንድምሽ ሺንሺቾ ተዛወረ አላልሽኝም?"

"አዎ።"

"የመዛወሪያ ወረቀት አወጣ?"

"አላወጣም።"

"ያለ ወረቀት ተዛወረ ብለሽ ጻፍሽው። እነዚህም ወረቀት አላወጡም። መሄዳቸውን እንጂ የት እንደሄዱ ማን ያውቃል? አንድ ላይ አድርጊያቸው።"

ምን ልበል? እውነቱን ብል የኤልያስ ነገር ይወጣል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

አንድ ኮለም ወደ ሌላው መደመር። ቀላል ሥራ። ኤክሴል አይጠይቅሽም። ሰያፍ ዓምዶቹ በሙሉ ጠፉ፤ በየቦታቸው 0፣ 0፣ 0 ቀረ። ዜሮዎቹን ልደብቅ ነበር። ር/መ አይ፣ ይታዩ፣ ደመቅ አድርጊያቸው አሉ። ቦልድ አደረግኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

እንግዶቹ መጡ። ቻርቱን በስልክ አነሱት። አንደኛው የዜሮዎቹን መስመር በእስክሪብቶ እያሳየ ለሌሎች ት/ቤቶች ምሳሌ ነው አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን አየሁት።

እማዬ ደወለች። ኤልያስን አገናኚኝ አለች። ቤተ መጻሕፍት ነው አልኩ። እሺ፣ እንዳይርበው አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 8። ከቀኑ 6 ሰዓት

ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት አንድ ሰውዬ ሰሌዳው ፊት ቆመው አየሁ። ኮታቸው እስከ ላይ ተቆልፏል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። ቻርቱን በጣታቸው ያነባሉ። ስወጣ ስገባ ያው እዚያው ናቸው። ምን ፈልገው ነው አባባ አልኩ። አቶ ሎዳሞ ይባላሉ። ከዶዮገና። ልጃቸው ታሪኩ እዚህ ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ 11ኛ ለ ይማር ነበር። ለሁለት ሳምንት ስልኩ አልሠራ ሲላቸው መጡ። አከራዩ ዕቃውን ይዞ ወጥቷል አላቸው።

እኔ ሀዲይኛ፣ እሳቸው ከምባትኛ፤ በአማርኛ ተነጋገርን። የእሳቸው አማርኛ ቀስ ያለ ነው። እያንዳንዱን ቃል አይተው ያስቀምጡታል።

"ልጄ፣ ይሄ ለ ማለት የታሪኩ ክፍል ነው?"

"አዎ።"

"ክፍሉ ገብቼ አየሁ። የለም። እዚህ ደግሞ ያቋረጠ ዜሮ ይላል። ያቋረጠ ከሌለ፣ እዚያም ከሌለ፣ ተዛውሯል ማለት ነዋ?"

አይደለም አላልኩም። ፊታቸው በራ። አየሽ? ሲበራ አየሁት።

"እኔ እኮ እንደ ሌላው ሰው ልጅ በሞያሌ የሄደ መስሎኝ፣ እናቱም ምግብ ካቆመች... እግዚአብሔር ይስጥሽ። የት ተዛወረ?"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ር/መን ይጠይቁ ማለት እችል ነበር። አፌ የለመደውን አወጣ። ሺንሺቾ የሄዱ አሉ አልኩ። የእኔም ወንድም እዚያ ነው አልኩ። ማን ነው ስሙ አሉ። ነገርኳቸው። ደጋግመው ለራሳቸው አሉት፣ እንዳይረሱት። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሄዱ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ዝናብ። ሥራ የለም። ፋይሉን ከፍቼ እዘጋለሁ። አቶ ሎዳሞ አሁን ሺንሺቾ ደርሰዋል። አሁን በር እያንኳኩ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11። ከቀኑ 10 ሰዓት

ተመለሱ።

ቢሮዬ ብቻዬን ነበርኩ። ተቀመጡ አልኩ፣ ተቀመጡ። ሺንሺቾ ሁለት ቀን ዋሉ። ያለውን ት/ቤት በሙሉ አዳረሱ። በየክፍሉ በር ቆመው ስም ጠሩ። ታሪኩ የለም።

"የወንድምሽንም ጠየቅኩ" አሉ። "ሁለቱ አንድ ላይ ይሆኑ ይሆናል ብዬ። አንዱን ባገኝ ሌላውን ያሳየኛል ብዬ። ኤልያስ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አያውቀውም።"

አንገቴን ደፋሁ። ቁጣ ጠበቅኩ። ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር።

"ያንቺም?" አሉ።

"አዎ፣ አባባ። የእኔም።"

"መቼ?"

"ወሩ ሊሆን ነው።"

"ደወለ?"

"ከሞያሌ። አንዴ።"

ቆባቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ፤ ውሸቴን ነው የላክኋችሁ፣ እርስዎን ማለቴ... ቃሉም አልገጠመልኝም። እሳቸው ቆባቸውን እያገላበጡ፦

"እናቱ ሰኞ ማታ በልታለች። ተዛውሯል ብዬ ደውዬላት። አሁን ምን ብዬ ልግባ?"

ይህን ጥያቄ የትኛው ሺት ላይ ላስገባው? ሲወጡ ሰሌዳው ጋ አልቆሙም። ቀና ብለውም አላዩት።

አርብ፣ መጋቢት 12

ጠዋት 2 ሰዓት ገባሁ። የመጀመሪያውን ሺት አወጣሁ። የደመርኩትን ለያየሁ። የመዛወሪያ ወረቀት ያወጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱ የተዛወሩ። ሌሎቹ ወደ ቦታቸው። ታሪኩንም መለስኩት። የኤልያስን አንድ ከነጠብጣቡ ቀንሼ ሰያፉ ላይ ጨመርኩ። የ11ኛ ለ ዓምድ ረዘመ፤ አናቱ ላይ ያለው ቁጥር ከርዕሱ ጋር ተጋጨ። ርዕሱን ወደ ላይ ገፋሁት እንጂ ዓምዱን አልነካሁትም።

ር/መ ጋ ገባሁ። አዩት።

"ኤልያስም?"

"ኤልያስም።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ማኅተም አላደርግበትም አሉ። ያለ ማኅተም እለጥፈዋለሁ አልኩ። እንደፈለግሽ አሉ፤ ያኛው ፎቶ ተነስቶ ሄዷል፣ የሚታወቀው እሱ ነው፣ ይሄ እዚህ ለእኛ ብቻ ነው። ልክ ናቸው። ላይ ያሉት ዜሮውን ይዘዋል። ማንም አይመልሰውም።

ለጠፍኩት። በዕረፍት ሰዓት የ11ኛ ልጆች ከበቡት። አንዷ ልጅ ሰያፉን ዓምድ በጣቷ እየነካች ስም ትጠራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሌሎቹ የረሳቻቸውን ይነግሯታል። የሳቀ የለም። ደወል ተደወለ፣ አልገቡም። መምህሩም ግቡ አላላቸውም።

ለአቶ ሎዳሞ ደወልኩ። አላነሱም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13። ጠዋት 2፡20፣ መናኸሪያ

የፎንቆ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። እስኪሞላ እየጻፍኩ ነው። ሁለት ሰው ቀርቷል። አጠገቤ ያሉት ሴት ዶሮ ታቅፈዋል፣ ክንዴ እየተመታ ፊደሌ ተበላሽቷል፤ ታገሺኝ።

ለእማዬ በስልክ አይነገርም። ጎረቤትም አይነግርልኝም። በአፌ እነግራታለሁ፣ ዛሬ፣ በር ላይ እንደደረስኩ፣ ሳልቀመጥ። ከተቀመጥኩ ምግብ ታቀርባለች፤ ካቀረበች አልችልም። መጀመሪያ የት ደረሰ ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። በሕይወት አለ ወይ ትለኛለች። አላውቅም ነው የምላት። ደህና ነው፣ ሊደውል ነው፣ ከልጆች ጋር ነው አልልም። ብታለቅስም አልልም። መሬት ብትወድቅም አል

በሩ ተዘጋ። ሄድን። አልልም።