ድምፅን በዓይኑ ለመረጠው ኮሚቴ

ለተከበሩ የትምህርት መሣሪያዎች ግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለኮሚቴዎ አባላትም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሯችሁ። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሲዲ እያባዛሁ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ውሎ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ የማቀርበው ሁሉ በዕለቱ የጻፍኩት ነው። የተጋነነ ቃል ካለ ከአክብሮቴ ብዛት ነውና ይለፉኝ።

የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኗቸው መጻሕፍት በድምፅ ተቀርጸው በሲዲ እንዲባዙላቸው መወሰናችሁ የሚያስመሰግን ነበር። «ነበር» ያልኩት በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ ምክር ልትጠይቁኝ ስለ ጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ሲዲ በሁለት መንገድ እንደሚባዛ አስረድቼ ነበር። አንዱ የእኔ ነው፤ ባዶ ሲዲ እየከተቱ በኮምፒውተር መገልበጥ። ለሠርግ፣ ለጥቂት ቅጂ፣ ለቸኮለ ሰው ይበጃል። ሌላው በፋብሪካ ከአንድ ቅርጽ ላይ ማተም ነው፤ ሳምንታት ያስጠብቃል፣ ነገር ግን የእኔን የማያነበው አሮጌ ማጫወቻም ያነበዋል። ትምህርት ቤቱ ማጫወቻዎቹ በዕርዳታ የመጡ አሮጌዎች መሆናቸውን ጽፎላችሁ ስለነበር፣ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም፣ ለፋብሪካ ስጡት አልኩ። የመጣለትን ገበያ የሚመልስ ነጋዴ አይታችሁ አታውቁምና ተጠራጠራችሁኝ። አንድ አባል ከፋብሪካው ሰውዬ ጋር ምን እንደተባባልኩ ጠየቁኝ። በሐቀኝነቴ ስጠረጠር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለዚህም ክብር ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ናሙናው ምርመራ። የሁለቱም ዓይነት ሲዲ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አንደኛው አባል ወደ መስኮቱ አዙረው የቀለሙን ውበት አደነቁ፤ ሌላዋ እንደ መስታወት ይዘው ፀጉራቸውን አስተካከሉበት። ክፍሉ ውስጥ ማጫወቻ አልነበረም። ወስጄ በትምህርት ቤቱ ማጫወቻ ልሞክራቸው ብል፣ ናሙና ከግቢ እንዲወጣ መመሪያው አይፈቅድም ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ሐብሐብ የሚገዛ ሰው እንኳ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል። ፋብሪካው ጊዜ ይፈጃል ተብሎም ተጣለ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ያደረጋችሁት ውይይት ግን ፋብሪካው ሊፈጅ ከነበረው በላይ ፈጀ።

ሦስተኛ፣ አትስጡኝ ያልኳችሁን ሥራ ለእኔው ሰጣችሁኝ። ፈረምኩ፤ አልክድም። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይወስደው ነበር። ቀጥሎም በእያንዳንዱ ሲዲ ላይ የመሥሪያ ቤታችሁ ዓርማ ያለበት ወረቀት እንዲለጠፍ አዘዛችሁ። ወረቀት ማጫወቻ ውስጥ ሲሞቅ ይላቀቃል ብዬ ብማጸንም፣ መሥሪያ ቤቱ ሊታወቅ ይገባል አላችሁኝ። በማን ዓይን እንደሚታወቅ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። የፈራሁት አልቀረም፤ ጥቂት ማጫወቻዎች ዓርማችሁ ጉሮሯቸው ላይ ተሰክቶ ቀሩ።

በትምህርት ቤቱ መምህርት የሆነችው እህቴ ደውላልኝ ሄድኩ። የተረፉት ማጫወቻዎች ሲዲውን ጥቂት አዙረው ይተፉታል። እኔ ይዤው በሄድኩት አዲስ ማጫወቻ ግን ጥርት አድርጎ ይናገራል። ሲዲውም ደህና፣ ማጫወቻውም ለዕድሜው ደህና፤ ጥፋተኛው ሁለቱን ያጋባቸው ሽማግሌ ነው። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ይዞራል፣ ይዞራል፣ ምንም አይናገርም። ጋሼ፣ ስብሰባ ነው እንዴ የቀዱልን?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አንዱ ተማሪ ቀስ ብሎ፣ «ፈተናው ግን አይጠብቀንም» አለ።

አራተኛ፣ ትናንት የደረሰኝ የከበረ ደብዳቤዎ በጥራት ጉድለት እንደምጠየቅ፣ ጉዳዩም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሚታይ ይገልጻል። ፈተናው ከዚያ በፊት ነው። ለተማሪዎቹ አንድ ዓመት ሙሉ የሚቃጠለው፣ ለኮሚቴው አንድ አጀንዳ ሲተላለፍ መሆኑን ሳስብ የሥራ ክፍፍላችሁ ይገርመኛል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እኔን በፈለጋችሁት ጊዜ ክሰሱኝ፤ ሱቄ የትም አይሄድም። ፋብሪካውን ግን ዛሬ እዘዙት። ዋናው ቅጂ በእጄ ነው፤ የጎደለው መጥቶ የሚወስደው ሰው ብቻ ነው።

የተቃወመውን ትእዛዝ በታማኝነት የፈጸመ፣ በፈጸመውም የሚከሰስ፣ የአባላቱን የዓይን ጥራት ሲያደንቅ የሚኖር ትሑት አገልጋይዎ፣
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለው ሲዲ አባዢ

ማስታወሻ፦ እህቴ መጻሕፍቱን ጮክ ብላ ስታነብላቸው ሰንብታ ከትናንት ወዲያ ድምፅዋ ተዘጋ። አዲሱ ሲዲ እስኪደርስ አባላቱ በየተራ መጥታችሁ ብታነቡላቸው ጨረታም መመሪያም አያስፈልገውም። ፊታችሁን አያዩትምና አትፈሩ። ድምፅ ግን አይረሱም።