የሜሮን ተሰጥኦ መለያ ቅጽ

ሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 2006

አራት ቀን ነው የቀረኝ። ልጄ ሜሮን ዛሬ ከትምህርት ቤት ብጣሽ ወረቀት ይዛ መጣች። አስራ አንደኛ ክፍል የገቡ ሁሉ እስከ ዓርብ ናቹራል ወይ ሶሻል ብለው ይመርጣሉ፣ ወላጅም ቀርቦ ይፈርማል። አንዴ ከተፈረመ መመለስ የለም። ልጅቷ ገና አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በአስራ ስድስት ዓመቴ የምመርጠው ነገር ቢኖር ከሁለት ሸሚዝ አንዱን ነበር።

ባለፈው ወር ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ናቹራል፣ ከዚያ ኢንጂነሪንግ፣ ከዚያ አባት በሰላም ጡረታ ይወጣል። ምን ያደርጋል፣ መሥሪያ ቤቴ ለግማሽ ቀን ሥልጠና ላከኝ። ርዕሱ ተሰጥኦን ስለ መለየት ነበር። አሠልጣኙ፣ ሰው በዝንባሌው ካልተመደበ ዕድሜውን ሙሉ ወንበር ያሞቃል አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ያሞቅኩትን ወንበር አሰብኩ። እኔ የምወደው የሕንፃ ንድፍ መሳል ነበር። ምደባው ሲወጣ አስተዳደር አለኝ፣ ሄድኩ። ማንም ምን ትወዳለህ ብሎ አልጠየቀኝም። ሜሮን እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም። ይህን ለሰው አልናገርም፣ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

ስለዚህ የተሰጥኦ መለያ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሦስት ገጽ። የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ፣ ሌላ ምን እጄ ላይ አለ። ባለቤቴ ወይንሸት አገላብጣ አየችውና የፊርማና የማኅተም ቦታ ለምን አስፈለገ አለችኝ። የፊርማ ቦታ የሌለው ምኑን ቅጽ ሆነ አልኳት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 7

ቅጽ አንድ ተሞላ። ውጤቱ አጥጋቢ አይደለም።

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜሽ ምን ታደርጊያለሽ? መልስ፦ ውሃ እቀዳለሁ።
ጥያቄ፦ አብዝቶ የሚያሳስብሽ ነገር ምንድን ነው? መልስ፦ ውሃ።
ጥያቄ፦ ከአስር ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ? መልስ፦ አንደኛ ፎቅ።

ቀለደችብኝ። እርግጥ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፣ ሲመጣም ሁለተኛ ፎቅን አያልፍም። እኛ ላይኞቹ ጀሪካን ይዘን ግቢው ቧንቧ ላይ እንሰለፋለን። ቢሆንም ይህ የመንግሥት ሠራተኛ በእረፍት ሰዓቱ ያዘጋጀው ቅጽ ነው፣ ትንሽ ክብር ይገባዋል።

ማታ ወደ ቅጽ ሁለት፣ ማለትም ወደ ተግባር ፈተና አለፍን። የተበላሸውን ካውያና ካቻቢቴ ሰጥቼ፣ በሠላሳ ደቂቃ ፈትተሽ ግጠሚ አልኳት። ካውያውን አነሳች፣ ገመዱን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገች። «ውስጡን ተቆርጧል አባዬ፣ አዲስ ገመድ ግዛ» ብላ ጀሪካኗን ይዛ ወረደች። ቅጹ ላይ «ሙከራ አላደረገችም፣ ዜሮ» ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ራሴ ፈታሁት። ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ። አሁንም አይሠራም።

ኢንጂነርነቱ እንግዲህ ቀረ። ትንሽ አዘንኩ፣ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ መስከረም 8

ትልቅ ግኝት።

ጠዋት ደረጃው ላይ ወይዘሮ ዘሀራን አገኘኋቸው። ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣሉ። «አቶ ጌታሁን፣ እርስዎ እኮ የወለዱት ዳኛ ነው» አሉኝ። ክረምቱን በጀሪካን ተራ ሰው ሊደባደብ ደርሶ ነበር አሉ። ሜሮን ደብተር አውጥታ ተራ ሠራች፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ድምፁን አላነሳም። ሁሌ የሚሳደቡት ጡረተኛው ጎረቤታችን እንኳ ስማቸው እስኪጠራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ቤት ተመልሼ ደብተሩን አየሁት። ስም፣ ፎቅ፣ የጀሪካን ብዛት፣ ተራ ቁጥር። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህ የኔ ደም ነው።

አመራር፣ ዳኝነት፣ ሕዝብ ማስተዳደር። ስለዚህ ሶሻል፣ ከዚያ ሕግ። ሰው አቋሙን በማስረጃ ሲለውጥ እንዲህ ነው ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ቢሮ ለሁሉም ነገርኳቸው። ከምሳ በፊት አንዱ ባልደረባዬ የወንድሙን የውርስ ጉዳይ ሊያማክራት ቀጠሮ ጠየቀኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 9

ውሳኔውን ዝም ብዬ ከምጭን በአሠራር ይሁን ብዬ ከእራት በፊት የቤተሰብ ግምገማ ጠራሁ። እንደ ቢሯችን፦ መጀመሪያ ግለ ሂስ፣ ቀጥሎ የሌሎች አስተያየት፣ በመጨረሻ ደረጃ መስጠት። ሰብሳቢ እኔ። ጸሐፊ ወይንሸት ልትሆን ነበር፣ ወጥ ላይ ነኝ አለች፣ ቃለ ጉባኤውንም እኔው ያዝኩ።

የሜሮን ግለ ሂስ፦ ቶሎ እሰለቻለሁ፣ ደረጃ ስወጣ እነጫነጫለሁ። ተመዘገበ።

ቀጥዬ ውሳኔዬን በሰፊው አብራራሁ። ሕግ። ዳኝነት። ካባ። ሜሮን ልትናገር አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች፣ ሐሳቤን ልጨርስ አልኳት። ስጨርስ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች፦ «ሰብሳቢው አይገመገምም እንዴ?»

በአሠራሩ መሠረት ይገመገማል። ምን ልበል።

ወይንሸት ማማሰያዋን ይዛ መጣች። ጠንካራ ጎን፦ ልጁን ይወዳል። ደካማ ጎን፦ ሰው ሲያወራ አይሰማም፣ ቀጥሎ እሱ የሚናገረውን እያዘጋጀ ነው። ሜሮን ሐሳቡን እደግፋለሁ ብላ እጇን አወጣች። በሙሉ ድምፅ «ሲ» ተሰጠኝ። ይግባኝ ሰሚዎቹም እነሱው ናቸው።

እራቱ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ብዙም አልበላሁም።

ዓርብ፣ መስከረም 10



ከቢሮ አስፈቅጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የውሃ ተራውን ደብተር ለማስረጃ ይዣለሁ። ሜሮን ከክፍል ኃላፊዋ አጠገብ ቆማለች። ወረቀቱ ተሞልቷል፣ የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነው። አነበብኩት፦ ናቹራል።

ስህተት አለ አልኳት መምህርቷን። ይህች ልጅ በተፈጥሮዋ አስተዳዳሪ ናት ብዬ ደብተሩን ዘረጋሁላት። መምህርቷ ተቀብላ ከኋላ በኩል ገለጠችው።  ከዚያ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አዞረችልኝ።

እኔ ያነበብኩት የፊቱን ብቻ ነበር። ከኋላ ግን ሌላ ሥራ አለ። አንድ ጀሪካን በምድር፣ በአንደኛና በሁለተኛ ፎቅ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ፣ ውሃ በመጣ ቀን ሁሉ፣ በየሰዓቱ ተጽፏል፣ ክረምቱን ሙሉ። የሕንፃችን ቧንቧዎች ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ተስለዋል። ንድፍ ነው። ልጄ የሕንፃ ንድፍ ሥላለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ውሃው አለ። ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት ነው ያነሰው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታንከርና ትንሽ ፓምፕ ቢኖርስ?»

ተራ ማስያዝ አትወድም ለካ። ደብተሩን የጀመረችው ለመለካት ነው፣ ተራ የሠራችው ስትለካ ሰው እንዳይጋፋት ነው።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። 

«መች ጠየቅከኝ አባዬ? ፈተንከኝ እንጂ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፣ እንዲያውም ፈገግ ብላ ነው።  ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥሎ የምናገረውን አላዘጋጀሁም ነበር። ፈረምኩ።

ስንመለስ ሜሮን ሜክሲኮ አደባባይ ጋ ለከተማው ባቡር በተቆፈረው ጉድጓድ ጫፍ ቆማ ወደ ውስጥ አፈጠጠች፣ ቧንቧ አይታ ነው። ጭቃው ጫማዬን ውጦታል። አስር ደቂቃ ያህል አብሬያት ቆምኩ። ከዚያ ያ ወፍራሙ ወዴት ነው የሚሄደው አልኳት። እስከ ቤት ድረስ ነገረችኝ። ግማሹ አልገባኝም። ደስ ብሎኛል ግን፣ በጣም።

ወይንሸት ይህን ብታይ ከ«ሲ» ከፍ ታደርገኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 11

የውሃ ቀን። ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ዘሀራ ከሁለት ጀሪካን ጋር። ተራዬ ስንተኛ ነው አሉኝ። ሜሮንን ልጥራ ስላቸው፣ «ኧረ ከዛሬ ጀምሮ ተራ የሚይዙት እርስዎ ነዎት አለችን፣ አባቴ ለቅጽ ተሰጥኦ አለው ብላ» አሉኝ።

አልተቀየምኩም። አዲስ ቅጽ አዘጋጅቼ ወረድኩ። የተረካቢ ፊርማ፣ የምስክር ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት። ሰባተኛው ሰው እየፈረመ ሳለ ውሃው ሄደ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ከበርጩማቸው ተነሱ። ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። የምስክሩን ፊርማ ለማክሰኞ እሰርዘዋለሁ።

ከሰዓት ጠመንጃ ያዥ ሄጄ የካውያ ገመድ ገዛሁ። ሜሮን በአምስት ደቂቃ ቀየረችው፣ ከተረፉኝ ብሎኖችም ሁለቱን በቦታቸው መለሰች። ጋለ። የነገ ሸሚዜን ተኮስኩበት።

ቅጽ ሁለትን አወጣሁ። ዜሮውን ሰረዝኩና በጎኑ «መጀመሪያውኑ ነግራኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።

ከሦስቱ ብሎኖች አንዱ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። የየት እንደሆነ ነገ እጠይቃታለሁ።